በር የሚዘጋ አማካሪ፣ በር የሚከፍት አማካሪ

እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ሜሰን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚማር አንድ ጥቁር ልጅ ጠበቃ መሆን እንደሚያምረው ለእንግሊዝኛ አስተማሪው ነገረው። ልጁ የክፍል አለቃ ነው፤ ውጤቱም ከጎበዞቹ ተርታ የሚያሰልፈው። አስተማሪው ግን ጥብቅና ለጥቁር ልጅ እንደማይሆን ነግሮት አናጺ እንዲሆን መከረው። ከእሱ ያነሰ ውጤት የነበራቸውን ነጭ ልጆች ደግሞ የፈለጉትን እንዲሞክሩ ያበረታታ ነበር።

ያ ልጅ ማልኮም ኤክስ ነው። በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ አስተማሪው ክፉ አስቦ አልነበረም። አስቸጋሪው ነገርም ይኸው ነው። በር የሚዘጋው ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ “እንዳይጎዳ” ብሎ የሚመክር ቅን ሰውም ይዘጋል።

ታሪክ ግን ቀልድ ያውቃል። ጠበቃ አትሆንም የተባለው ማልኮም በኋላ ጠበቃ ያደረገው ፐርሲ ሰተን የተባለ ጥቁር ሰው ነበር። ሰተን የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ ከሸርሊ ቺዝም ጋር ሆኖ ለድሃ ልጆች የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፍት ሕግ በ1966 እንዲወጣ ታገለ። ፕሮግራሙ “ሲክ” ይባላል።

ጅማሬው በሲቲ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በ1847 የተቋቋመ፣ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ተቋም ነበር። የቆመው በጥቁሮቹ ሰፈር በሃርለም ነው፤ ተማሪዎቹ ግን በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። ክፍያ የለም፤ ነገር ግን የሰፈሩ ልጆች ብዙዎቹ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ወደ ኮሌጅ በማያደርስ መስመር ተመድበዋል። በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ግን ቀድሞ ተዘግቷል።

ሲክ ይህን ስለተረዳ ተማሪውን ተቀብሎ ብቻ አልተወውም። የኪስ ገንዘብ፣ መጽሐፍ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና የራሱ አማካሪ ሰጠው። አማካሪው ቅጽ ላይ የሚፈርም ሰው ብቻ አልነበረም። የቤት ኪራይ፣ የቤተሰብ ችግር፣ “እዚህ ቦታ አይገባኝም” የሚል ስሜት ሁሉ የሥራው አካል ነበር።

ይህም ሆኖ ተማሪዎቹ ተጨማሪ ጥያቄ ነበራቸው። በሚያዝያ 1969 የጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ተማሪዎች የኮሌጁን ደቡባዊ ግቢ ሲይዙ ካቀረቧቸው አምስት ጥያቄዎች አንዱ፣ በሲክ አመራር፣ ሠራተኛ በመቅጠርና በማሰናበት ጭምር፣ ድምፅ ይኑረን የሚል ነበር። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ስለ እኛ የሚወስን ሰው እኛንም ይስማ።

በ1970 የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቀ የከተማዋ ልጅ ሁሉ በሩን ከፈተ። በዚያ ዓመት ወደ 35,000 የሚጠጉ አዲስ ተማሪዎች ገቡ። ስድስት ዓመት ሳይዘልቅ ከተማዋ በገንዘብ እጦት ተንኮታኮተች፤ በ1976 ነፃ ትምህርት ቀረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅን ልብ ያለው አማካሪ እንኳ ምን ያደርጋል? መቶዎችን የያዘ ሰው የተማሪውን ስም ለማወቅም ጊዜ የለውም።

ማስረጃው ዘግይቶ መጣ። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ2007 “ኤሳፕ” የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። በሌላው የኮሌጁ ክፍል አንድ አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ሲይዝ፣ በኤሳፕ ከ60 እስከ 80 ብቻ ይይዝ ነበር። ተማሪው አማካሪውን አዘውትሮ ማግኘት ግዴታው ነው፤ የትራንስፖርትና የመጽሐፍ ወጪም ይሸፈንለታል። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት 40 በመቶ ናቸው፤ ዕድሉን ካላገኙት አቻዎቻቸው ደግሞ 22 በመቶ።

እርግጥ ልዩነቱን ያመጣው አማካሪው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡም አለ። ትምህርቱም ይኸው ነው። አጋርነት ፈገግታና መልካም ቃል ብቻ አይደለም። ጊዜ ነው፣ በጀት ነው፣ ተማሪውን መስማት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ “ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ” ሲል፣ “አይሆንልህም” ከማለት ይልቅ “ከየት እንጀምር?” ብሎ መጠየቅ ነው።