ሞአጻ፦ ምክር ቤትም፣ አገርም

ቤር ሼቫ ለሚኖር ሐበሻ «ኢሪያ» ማስረዳት አያሻም፤ ማዘጋጃ ቤት ነው። የሚያደናግረው «ሞአጻ» ነው። ፍቺው ምክር ቤት ስለሆነ አዳራሽና ስብሰባ ብቻ ይታየናል። በእስራኤል አስተዳደር ግን ቃሉ አካባቢውንም ጭምር ይጠራል። በስኮትላንድም ነገሩ ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አገሪቱ የተከፈለችባቸው 32 አካባቢዎች የሚታወቁት በምክር ቤታቸው ነው።

«ሞአጻ መኮሚት» የአንዲት ትንሽ ከተማ አስተዳደር ነው። ኦሜርን እንይ፦ ከቤር ሼቫ አፍንጫ ሥር ናት፤ ሆኖም ራሷን የቻለች ሞአጻ ስለሆነች ነዋሪዋ አርኖናውን፣ ማለትም የቤት ግብሩን፣ ለቤር ሼቫ ኢሪያ አይከፍልም። «ሞአጻ አዞሪት» ደግሞ የተራራቁ መንደሮችን በአንድ ያቅፋል። ወረዳ ብንለው ብዙም አንሳሳትም። ከቤር ሼቫ በስተምዕራብ ያለው የሐጼሪም ኪቡጽ በብኔ ሺሞን ሞአጻ ሥር ነው፤ እዚያ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የመንደሩ ቫአድ (ኮሚቴ) አለው፣ ከዚያ በላይ ሞአጻው። ከተማ ሲያድግ ስሙም ይለወጣል፦ ራሃት ሞአጻ መኮሚት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ኢሪያ ሆነች።

እንግዲህ ቤት ስትከራዩ ሰፈሩ በማን ሥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አርኖና የሚመጣው በቤቱ በሚኖረው ተከራይ ስም ነው። ልጆቻችሁም ይወቁት፦ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው።