ሁለት ጊዜ የሚሸጥ ጨዋታ

በሰፈራችን አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ የፕሌይስቴሽን ቤት አለች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ሕጓም አጭር ነው፤ በጨዋታ ይከፈላል፣ የተሸነፈ ይነሣል። ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣውን የእህቴን ልጅ ይዤ ገባሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ጆይስቲኩን ተቀብሎ ጥቂት ከነካካ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አጎቴ፣ እዚህ ሰው የራሱ ቡድን የለውም እንዴ?» አለኝ።

«የራሱ» ማለቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እርሱ ቤቱ ሲጫወት የሚያሰልፈው አርሴናልን ወይም ሪያል ማድሪድን አይደለም። ከታሸጉ የካርድ ጥቅሎች እየፈታ፣ በረኛውን ከአንዱ፣ አጥቂውን ከሌላው ለቃቅሞ ያቋቋመውን ቡድን ነው። እሽጉን ብዙ ተጫውቶ በሚጠራቀም ነጥብ ማግኘት ይቻላል፤ ትዕግሥት ያጣ ደግሞ በገንዘብ ይገዛዋል። «ጨዋታውንስ ገዝተኸው የለም ወይ?» አልኩት። «ገዝቼዋለሁ፤ እሽጉ ግን ሌላ ነው» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ሲወጣ ደግሞ ቡድኑ አብሮ አይሄድም» ሲል ጨመረ።

መልሱ ከነከነኝ። አንድ ዕቃ ሙሉ ዋጋው ተከፍሎ ከተገዛ በኋላ ውስጡ ያለው ነገር እንደገና የሚሸጠው በምን ውል ነው? ይህ ውል ከየት መጣ? ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ሰው ለኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ መክፈል የጀመረው በሳንቲም ነው። በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖንግ የተሰኘውን የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ በመጠጥ ቤቶች ሲያቆም፣ ተጫዋቹ 25 ሳንቲም ይከትና ይጫወታል፤ ሲያልቅበት ሌላ ይከታል። ማሽኑ ሳንቲም በላተኛ ነበር፤ ዳሩ ግን መብላቱን አይደብቅም። በ1993 ሚድዌይ ያወጣው ኤን.ቢ.ኤ. ጃም የተባለው የቅርጫት ኳስ ጨዋታም በየሩቡ ሳንቲም እየጠየቀ ነበር አሜሪካን ያጥለቀለቀው። ሁሉም የሚከፍለው ለተራው እንደሆነ ያውቃል። የእኛዋም የሰፈር ቤት የምትተዳደረው እስከ ዛሬ በዚሁ ጥንታዊ ውል ነው።

ሁለተኛው ውል ጨዋታው ወደ ቤት ሲገባ የመጣው ነው። ወላጅ ካሴቱን ወይም ዲስኩን በሙሉ ዋጋ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ሺህ ጊዜ ቢጫወትበት ጠያቂ የለውም። በ1982 ትሪፕ ሆኪንስ የመሠረተው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1993 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን የፊፋ እግር ኳስ ጨዋታ ለገበያ ያቀረበው በዚህ ውል ነበር። እውነት ነው፣ ጨዋታው በየዓመቱ መታደስ ሲጀምር፣ «የተጫዋቾቹን ስም ቀይረው መልሰው ሸጡልን» የሚል ማጉረምረም ነበር። ይሁንና የዓምናው የቸገረውን ሰው አልከዳውም፤ እንዳለ ይሠራለት ነበር።

እነዚህ ሁለት ውሎች ለየብቻቸው ፍትሐዊ ናቸው። የዛሬው ቁጣ የመነጨው ሁለቱ በአንድ ዕቃ ላይ ሲደረቡ ነው።

መደረቡን የቻለው ኢንተርኔት ነው። በ2005 ኤክስቦክስ 360 ሲወጣ፣ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ማሽን ራሱ ሱቅ ሆነ። በ2006 ኦብሊቪየን ለተባለ ጨዋታ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ለብቻው ተሸጠ፤ ተጫዋቾችም ለዓመታት ተሳለቁበት። ስላቁ ግን ገበያውን አላቆመውም። መጋቢት 2009 ላይ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በፊፋ 09 ላይ አልቲሜት ቲም የተባለውን የካርድ ጨዋታ ጨመረ። መጀመሪያ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነበር፤ ቆይቶ ከዲስኩ ጋር በነፃ ይመጣ ጀመር። በሩ በነፃ ተከፈተ፤ ውስጥ ያለው እሽግ ግን በገንዘብ ሆነ።

የሐሳቡ አያት የወረቀት ካርድ ነው። በ1961 በጣሊያኗ ሞዴና ከተማ የተቋቋመው ፓኒኒ፣ በ1970 ለሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን ፎቶ በታሸገ ፖስታ ሸጦ፣ ልጆች በአልበም እንዲለጥፉ አደረገ። እዚያም ቢሆን ልጁ ፖስታውን የሚገዛው ውስጡን ሳያይ ነው። ነገር ግን የተደጋገመበትን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ይለዋወጣል፤ አልበሙ አንድ ቀን ይሞላል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወረቀቱ ፔሌ ጎል አያገባም።

የስክሪኑ ካርድ ግን ያገባል። የልዩነቱ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ፈጣን አጥቂ ያለበትን እሽግ በገንዘብ ብዛት ያገኘ ልጅ፣ ዝቅተኛ ቡድን ይዞ ከሚመጣው ልጅ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ስፖርት ከሌላው ጨዋታ የሚለየው ሁሉም ከዜሮ ለዜሮ በመጀመሩ ነው። የፈረስ ጥሩር ማንንም አያሸንፍም፤ የተገዛ ተከላካይ ግን ያሸንፋል። ቅሬታው የመጣው የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ሲሸነፉ፣ «በችሎታ ነው ወይስ በኪስ?» ብለው መጠየቅ ስለጀመሩ ነው።

የቅርጫት ኳሱ ታሪክ ይኸንኑ በሌላ መንገድ ያሳያል። ኤን.ቢ.ኤ. ቱኬ የተባለው ጨዋታ በ2012 በወጣው እትሙ የራሱን የውስጥ ገንዘብ አስተዋወቀ። በ2017ቱ እትም ደግሞ ተጫዋቹ የፈጠረውን ልጅ ችሎታ ማሳደግ ቀርቶ ፀጉሩን ማስቆረጥ እንኳ በዚያ ገንዘብ ሆነ። ጩኸቱ ሲበረታ የፀጉር ቤቱ ዋጋ ተቀነሰ። በ2019 ለማስታወቂያ የተለቀቀው ፊልም የቁማር ቤት ማሽንና የዕድል መንኰራኩር ሲያሳይ ብዙዎች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። በ2020 ደግሞ ሙሉ ዋጋ ከፍለው በገዙት ጨዋታ ውስጥ ግጥሚያው ሳይጀመር የማይታለፍ የንግድ ማስታወቂያ መጣባቸው። ኩባንያው ይህ ያላሰበው ስሕተት እንደሆነና እንደሚያርመው ገለጸ።

የኩባንያዎቹን ክርክር መስማትም ተገቢ ነው። ጨዋታ መሥራት ከዓመት ወደ ዓመት ውድ ሆኗል፤ የመሸጫው ዋጋ ግን ለረጅም ጊዜ 60 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም እሽግ እንዲገዛ አይገደድም ይላሉ። ክርክሩ ሚዛን አለው። ዳሩ ግን በ2020 አዲሶቹ ማሽኖች ሲመጡ ኤን.ቢ.ኤ. ቱኬ 21 ለእነርሱ በ70 ዶላር ቀረበ፤ የውስጡ ገበያ ግን አልተዘጋም። መጋቢት 2021 ላይ በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከስፖርት ጨዋታዎቹ አልቲሜት ቲም ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል፤ ከጠቅላላ ገቢው ከሩብ በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ገቢ የወጪ ማካካሻ ነው ቢባል ለማመን ያስቸግራል።

ጉዳዩ መንግሥታት ዘንድ መድረሱም አልቀረም። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን የእነዚህ እሽጎች ሽያጭ ቁማር ነው አለ፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስም ጥር 2019 ላይ በዚያች አገር የፊፋ ነጥብ መሸጡን አቆመ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት የቀረቡ የኩባንያው ተወካይ፣ ነገሩ ቁማር ሳይሆን በውስጡ መጫወቻ እንዳለበት የቸኮላታ እንቁላል ያለ «አስደናቂ ግኝት» ነው ብለው ተከራከሩ። በሆላንድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 10 ሚሊዮን ዩሮ ቢቀጣም፣ በ2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። ምክንያቱ፣ እሽጉ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሳይሆን የትልቁ የችሎታ ጨዋታ አካል ነው የሚል ነበር። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ተጫዋቹም እኮ የሚለው ይኸንኑ ነው! የጨዋታው አካል ከሆነ፣ ጨዋታውን ገዝቼዋለሁ፤ ስለምን ዳግመኛ ትሸጡልኛላችሁ?

የእኛ አገር ሎተሪ አዟሪ ቢያንስ የሚሸጠውን በስሙ ይጠራዋል። ትኬቱን የቆረጠ ሰው ዕድሉን እየሞከረ እንደሆነ ያውቃል። በጨዋታው እሽግ ላይ ግን የመውጣት ዕድሉ መጠን የተጻፈው ፊፋ 19 ሲወጣ ነው፤ ለምርጦቹ ተጫዋቾች የተጻፈውም «ከ1 በመቶ በታች» የሚል ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ካስመረረ ለምን አይተዉትም? የሚለው ጥያቄ መልሱ ገበያው ውስጥ ነው። በ2004 የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ የሚሠራ ተፎካካሪ ዋጋውን ወደ 20 ዶላር ቢያወርድ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስም ማደን የተባለውን የራሱን ወደ 30 ዶላር ግድም አወረደ። ወዲያው በታኅሣሥ ወር ግን የሊጉንና የተጫዋቾቹን ስም ብቻውን የመጠቀም መብት ገዛ፤ ተፎካካሪውም ከሜዳ ወጣ። ስለዚሁ የተነሣበትን ክስ በ2012 በ27 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማማ። በእግር ኳሱም ቢሆን፣ የጃፓኑ ኮናሚ በ2021 የቆየ ጨዋታውን ትቶ መግቢያው በነፃ የሆነ ሌላ ሲያመጣ፣ ሙሉ ዋጋ የሚጠይቀው ትልቅ ጨዋታ አንድ ብቻ ቀረ። የሚወደውን ክለብ በእውነተኛ ስሙና ማልያው ማጫወት የፈለገ ሰው ወዴት ይሂድ?

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ጥርጣሬው ይመስለኛል። በ2020 በካሊፎርኒያ ጥቂት ሰዎች፣ ጨዋታው እሽግ እንድንገዛ በስውር ያከብድብናል ሲሉ ክስ መሠረቱ። ኩባንያው የቴክኒክ ማስረጃውን ሲያሳያቸው በሚቀጥለው ዓመት ክሱን አነሡ። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? የኤን.ቢ.ኤ. ጃም ፈጣሪ ማርክ ተርሜል ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ የዲትሮይት ፒስተንስ ደጋፊ ስለነበር ቺካጎ ቡልስ ከፒስተንስ ጋር ተቀራርቦ ሲጫወት በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚወረውረው ኳስ እንዲስት አድርጎት ነበር። ያኔ ነገሩ የአንድ ደጋፊ ቀልድ ሆኖ አለፈ። ዳኛውና ነጋዴው አንድ ሰው በሆኑበት ዘመን ግን፣ ማሽኑ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ የተሸነፈው ሁሉ ይጠራጠራል። ሽንፈቱን በጸጋ መቀበል ይቸግረዋል። ሽንፈትን መቀበል ካልተማረ ደግሞ ስፖርት ምን ያስተምረዋል?

ወደ ሰፈራችን ቤት ልመለስ። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ እንደ ሌላው ሰው አርሴናልን መረጠ። ተጋጣሚው የጎረቤት ልጅም አርሴናልን መረጠ። ቡድናቸው አንድ፣ ማልያው ብቻ የተለያየ። ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። ጆይስቲኩን አስረክቦ ሲነሣ አኩርፎ ይሆናል ብዬ ፊቱን ባየው ይስቃል።

«ይኼ ልጅ ጎበዝ ነው፣ አጎቴ» አለኝ። ከዚያም ለሚቀጥለው ተራ ከፍሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።