የዶሮዎቹ መሰላል በድመቶቹ ቤት

ከአንድ በላይ ድመት ያለው ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «አለቃዋ የትኛዋ ናት?» ጥያቄው ራሱ ታሪክ አለው። የሚጀምረው ደግሞ ከዶሮ ነው።

ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲከታተል ያደገ ሰው ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ግቢ ያሉ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር ለይተው እንደሚያውቁ አሳየ። የላይኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ የመጨረሻዋን ሁሉም ይነቁሯታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን መሰላሉ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ እሱ ራሱ መመዝገቡ ነው። አንደኛዋ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዞራ አንደኛዋን የምትነቁርበት ጊዜ አለ። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለ ክብ ሲገጥመን «ይሄማ በተራ ቁጥር አይደረደርም» እንላለን።

ሐሳቡ ግን ክቡን ትቶ መሰላሉን ብቻ ይዞ ከዶሮ ቤት ወጣ፤ ቀስ በቀስም ሳሎናችን ገባ።

ድመት ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህች ድመት ዛሬም በእኛ አገር ጭምር አለች፤ የምታድነውም ብቻዋን ነው። ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር፣ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ያን ያህል ዘመን አብራን ኖራም ነገሩ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ነው። ታዲያ ብቻውን ለሚያድን እንስሳ አለቃ ምን ይሠራለታል?

ይህን በቁም ነገር ከያዙት አንዱ ጀርመናዊው ፓውል ላይሃውዘን ነበር። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ የድመቶች የበላይነት እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ እንደሚለዋወጥ አስረዳ። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቀድማ የገባችው ታልፋለች፤ ሌላዋ፣ ጉልበተኛዋም ብትሆን፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጠዋት የአንዷ የነበረ ቦታ ከሰዓት የሌላዋ ሊሆን ይችላል። በአጭሩ ዙፋን የለም፤ ተራ ነው ያለው።

ከበድ ያለው ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ ድመቶች በጠባብ ቦታ ሲታጎሩ ይህ የተራ ሥርዓት እንደሚፈርስ ላይሃውዘን አስተዋለ። አንድ አምባገነን ብቅ ይላል፤ ከታች ደግሞ ሁሉም የሚያባርሯቸው፣ ጥግ ይዘው የሚኖሩ ምስኪኖች ይፈጠራሉ። እነዚያው ድመቶች ናቸው፤ የጠበበው ቦታው ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ከሦስት ድመቶቿ አንዷን «ተፈጥሮዋ ክፉ ነው» ብላ ለሰው ልትሰጣት ነበር። ሦስቱም በአንዲት የኮንዶሚኒየም ክፍል፣ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። ይህን ሁሉ ታሪክ አልተረክሁላትም፤ «ሳህኑን ሦስት አድርጊውና በየጥጉ አራርቀሽ አስቀምጪው፣ ከቁም ሳጥኑ በላይም መውጫ አበጂላቸው» ብቻ አልኳት። «ክፉዋ» ድመት እስካሁን እዚያው ቤት አለች። መልአክ አልሆነችም፤ አልፎ አልፎ ትቧጭራለች። ግን እየጠበቀች ትበላለች።