እርከን፦ የጨረቃ ግርዶሽ ለሚያነሳ ሰው የሚያስፈልገው ቃል

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 እሑድ ምሽት ጨረቃ ለ82 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ተውጣ ቆየች። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ሰማይ የተከፈተለት ሰው ዕድለኛ ነበር። ከተከፈተላቸውም መካከል ስልካቸውን ወደ ላይ ያነሱ ብዙዎች ያገኙት ከሁለት አንዱን ነው፦ ግርዶሹ ሳይበረታ ያነሱት መልክ የሌለው ነጭ ክብ፣ ከበረታ በኋላ ያነሱት ደግሞ የተንቀጠቀጠ ቡናማ ነጥብ። ጥፋቱ ወዲያው በስልኩ ርካሽነት ይሳበባል። ነገር ግን ውድ ካሜራ ይዞ የወጣም ሰው ብርሃኑ በስንት እንደቀነሰ ካልቆጠረ ያንኑ ይዞ ይገባል።

ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ቆጠራ የሚጠቀሙበት መለኪያ «ስቶፕ» ይባላል። በእኛም አገር ካሜራ የለመዱ ሰዎች «አንድ ስቶፕ ጨምርለት»፣ «ሁለት ስቶፕ ጨልሟል» ሲሉ ይሰማል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «እርከን» እለዋለሁ። አንድ እርከን ማለት ፎቶውን የሚሠራው ብርሃን በእጥፍ የሚያድግበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት መጠን ነው። ሁለት እርከን ብንወጣ አራት እጥፍ፣ ሦስት ብንወጣ ስምንት እጥፍ፣ አሥር ብንወጣ 1,024 እጥፍ ይሆናል።

የእንግሊዝኛው ስም የመጣው ከዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ጆን ዋተርሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች የተበሱባቸው ስስ የነሐስ ሳህኖች ሠራ፤ ፎቶ አንሺው ከሌንሱ ጎን ባለች ስንጥቅ አንዱን እያወጣ ሌላውን ያስገባ ነበር። ሳህኑ የሚያደርገው ነገር ትርፉን ብርሃን ማስቆም ስለሆነ ስሙ በዚያው ጸና። ሳህኖቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ስማቸው ግን ከሥራቸው ተነጥሎ የመጠን ስም ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ቃል በቃል «ማቆሚያ» ብለን ብንመልሰው አንባቢው አውቶቡስ ይጠብቃል። «ደረጃ» እንዳንል ከሆቴል እስከ ስታዲየም ደረጃ የሌለው ነገር የለም። «እጥፍ» መውጣቱን ይናገራል እንጂ መውረዱን አይናገርም። እርከን ግን በተራራ ወገብ ላይ ተሠርቶ ሲወጣበትም ሲወረድበትም የኖረ ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ከደመወዝ ስኬሉ ላይ ያውቀዋል፤ የደመወዝ እርከን እንደ ካሜራው በእጥፍ ቢሄድ ኖሮ ማን ይጠላ ነበር!

እርከን የሚወጣውና የሚወረደው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ከሰከንድ 1/500ኛ ወደ 1/250ኛ ስንሄድ አንድ እርከን ወጣን ማለት ነው። ሁለተኛው አይኤስኦ ነው፤ ከ100 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 400 እያለ ይሄዳል። አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም፤ የገባውን ያጎላል፤ ሲበዛም ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ያስመስለዋል። ሦስተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ኤፍ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዳቸው መካከል ያለው አንድ እርከን ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ደግሞ ቀዳዳው ይጠባል። ቁጥሩ በ2 ሳይሆን በ1.4 ገደማ የሚባዛው ብርሃን የሚያስገባው የክቡ ስፋት ስለሆነ ነው፤ የአንድ ክብ ወርድ በ1.4 ሲያድግ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ሦስቱ አንዱ የሌላውን ዕዳ መክፈል ይችላሉ። ቀዳዳውን አንድ እርከን አጥብበን ሸተሩን አንድ እርከን ብናስረዝም የፎቶው ብርሃን ያው ነው።

ለምን በእጥፍ ይቆጠራል? ዓይናችን ራሱ እንደዚያ ስለሚያይ ነው። አንድ አምፖል በሚበራበት ክፍል ሁለተኛ ቢጨመር ለውጡ ይታወቀናል፤ መቶ በሚበራበት አዳራሽ አንድ ቢጨመር ማንም ልብ አይልም። ይህ ባሕርይ ለኑሮ የተመቸ ቢሆንም ግርዶሽ የሚያነሳውን ሰው ክፉኛ ያሳስተዋል። ጨረቃ እየተጋረደች ስትሄድ ዓይን ጨለማውን እየለመደ፣ ብሌኑን እያሰፋ ይከተላታል፤ «ትንሽ ደበዘዘች» ብሎ ይገምታል። በትንሽ ሳይሆን በሺዎች እጥፍ ደብዝዛለች።

በመቁጠር እንየው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ጨለማ እንጂ እሷ ጨለማ ውስጥ አይደለችም። ከፊልም ዘመን የወረደ አንድ ደንብ አለ፦ ለሙሉ ጨረቃ ቀዳዳ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ ሸተር የሰከንድ 1/100ኛ። አንድ ተራ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ ጫፉ ድረስ ሲሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ስለሆነ ሁለት እርከን አትርፈን ሸተሩን ወደ 1/500ኛ ገደማ ማውረድ እንችላለን። መነሻችን ይህ ይሁን።

ጨረቃ መጀመሪያ የምትገባበት ከፊል ጥላ ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ በካሜራም ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት እርከን መውጣት ይበቃል። ከዚያ ጠርዟ መነከስ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚነሳው ገና የሚበራው ክፍል ነው። ግማሹ ቢጠፋም የቀረው ግማሽ ፀሐይ እንደመታው ነውና በመጋረዱ ብቻ ደንግጦ እርከን መውጣት የሚበራውን ማቃጠል ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራውን ለራሱ ፈቃድ ከተዉት እሱም ይስታል፤ የክፈፉን ጥቁር ሰማይ ሁሉ አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ይደመድማልና።

ሙሉ ግርዶሹ ሲገባ ግን መዝለል ነው። ከ1/500ኛ እስከ 1 ሰከንድ ያሉትን እንቁጠር፦ 250ኛ፣ 125ኛ፣ 60ኛ፣ 30ኛ፣ 15ኛ፣ 8ኛ፣ 4ኛ፣ ግማሽ፣ አንድ። ዘጠኝ እርከን ሆነ። አይኤስኦን ከ100 ወደ 1600 ብናደርስ አራት ይጨመራል። በድምሩ 13፤ ማለትም ከ8,000 እጥፍ በላይ። መካከለኛ ብሩህነት ላለው ግርዶሽ ተቀራራቢው መጠን ይህ ነው።

«መካከለኛ» ያልኩት ግርዶሽ ሁሉ እኩል ስለማይጨልም ነው። በጥላው ውስጥ ያለችውን ጨረቃ የሚያቀላት የፀሐይ ብርሃን በምድር ከባቢ አየር ጠርዝ አልፎ፣ ጎብጦ ሲደርስ ነው፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። በዚያች ሰዓት በምድር ዙሪያ የሚወጡና የሚጠልቁ ፀሐዮች ሁሉ ቅላት በጨረቃ ላይ አረፈ ቢባል ማጋነን አይደለም። አየሩ ከጠራ ጨረቃ የመዳብ መልክ ትይዛለች፤ እሳተ ገሞራ ጭሱን ከደመና በላይ አርቆ ከረጨው ግን ትጠቁራለች። በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ በሰኔ 1983 ፈንድቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1985 መባቻ ሌሊት የደረሰው ግርዶሽ ጨረቃን ለማየት እስኪያስቸግር ጨልሞ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንጆን ለዚህ ልዩነት ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መስፈሪያ አውጥቷል፤ 0 ጥቁር፣ 2 የዛገ ብረት፣ 3 የጡብ፣ 4 ደማቅ የመዳብ መልክ ነው። በ4 እና በ0 መካከል ያለው ልዩነት ለካሜራ ብዙ እርከን ነው፤ የዕለቱ ስንት እንደሚሆንም ጨረቃ ጥላው ውስጥ ገብታ እስክትታይ ድረስ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ሁለተኛው ቃላችን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ብራኬቲንግ» የሚባለውን «በእርከን ማንሳት» እንበለው። አንድ የተገመተ መጠን ይያዛል፤ በእሱ አንድ፣ ከእሱ ሁለት እርከን በታች አንድ፣ ሁለት እርከን በላይ አንድ ይነሳል። ብዙ ካሜራዎች ይህን በአንድ ቁልፍ ተራ በተራ ያነሱታል። ፎቶውን ካሜራው ሳያቀናብረው በጥሬው («ሮው») ማስቀመጥ ደግሞ ኋላ ላይ በኮምፒውተር አንድ ሁለት እርከን ለማስተካከል ይበጃል። በእርከን ማንሳት ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ሙሉ ግርዶሹ ሊገባ ወይም ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ በጨረቃዋ አንድ ጠርዝ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ይቀራል፤ ሌላው አካሏ ቀልቷል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ ደግሞ ስስ ሰማያዊ ሪባን ይታያል። ይህ ሪባን በከፍተኛው አየር ውስጥ ካለው ኦዞን የመጣ ነው፤ ኦዞን ቀዩን ስለሚመጥ በዚያ በኩል ያለፈው ብርሃን ሰማያዊነቱን ይዞ ይደርሳል። ለዓይን ብዙም አይጎላም። በትክክለኛው እርከን ላይ የተነሳ ፎቶ ግን ያወጣዋል፤ ለእኔ ከመላው ግርዶሽ የሚበልጠው ፎቶ ይኸው ነው፤ ቀይ ጨረቃ ብቻዋን የሞላችበትን ክፈፍ ሁሉም ሰው አለው።

እርከን መውጣቱ ገደብ አለው፤ ጨረቃ ዝም ብላ አትቆምም። ምድር ስለምትዞር ጨረቃ በሁለት ደቂቃ የራሷን ወርድ ያህል ሰማይ ላይ ትሄዳለች። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ በካሜራው ሴንሰር ላይ የምታርፈው ጨረቃ ወርዷ ከ3 ሚሊሜትር ታንሳለች፤ በ1 ሰከንድ ውስጥ የምትሸሸው ደግሞ 0.02 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የብዙ ካሜራዎች አንድ ፒክሰል 0.004 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ አምስት ፒክሰል ያህል ተሳበች ማለት ነው፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ከሚመስሉት ክብ ክብ ጠባሳዎቿ ትንንሾቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሸተሩን ግማሽ ሰከንድ ላይ አቁሞ የጎደለውን አንድ እርከን ከአይኤስኦ መበደር ይሻላል፤ አሸዋው በኮምፒውተር ይለዝባል፤ የተሳበ ጨረቃ ግን አይመለስም።

ሌላው ዝግጅት ባጭሩ ይነገራል። ካሜራው ስታንድ ላይ ይቁም፤ በእጅ ሳይነካ እንዲያነሳ የሁለት ሰከንድ መቁጠሪያው ይከፈት። ትኩረቱ ጨረቃ ገና ብሩህ ሳለች ጠርዟ ላይ ተስተካክሎ ይቆለፍ፤ በጨለማ ካሜራው ራሱ ሊያገኘው አይችልም። እንደ ፀሐይ ግርዶሽ ልዩ መነጽር ወይም ማጣሪያ አያስፈልግም። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ በኩል ያለፈው የቀለበት ግርዶሽ ያለ ማጣሪያ የማይታይ የፀሐይ ጉዳይ ነበር፤ ጨረቃን ግን ሕፃንም እንደ ልቡ ሊያያት ይችላል።

ስልክ ብቻ ያለውም ከእርከን ቆጠራ አይወጣም። ጨረቃ ላይ ጣት አሳርፎ ወደ ታች መጎተት በብዙ ስልኮች ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጩ ክብ ቀስ በቀስ መልክ ሲያወጣ በዓይን ይታያል። «ፕሮ» የሚል ክፍል ያለው ስልክ ከሆነ ሸተሩንና አይኤስኦውን ራሳችን እንቆርጣለን። ስልክን በስታንድ በቆመ አቅራቢ መነጽር ወይም ቴሌስኮፕ ዓይን ላይ ገጥሞ ማንሳትም ይሠራል። ማጉያውን በጣት ከመሳብ እሱ በብዙ ይበልጣል።

ልምምድ የሚፈልግ ግርዶሽ መጠበቅ የለበትም፤ በየወሩ ሙሉ ጨረቃ አለ። ነሐሴ 22 ቀን 2018 ንጋት ላይ ያለው ከፊል ግርዶሽ በኢትዮጵያ ሲጀምር ጨረቃ ልትጠልቅ የቀራት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ክረምትም ነው። በአሜሪካ ላሉ ግን ያው ግርዶሽ በዋዜማው ማታ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 27፣ ጨረቃ 93 በመቶ እስክትሸፈን ድረስ ይታያል። ለአገር ቤት የተመቸው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ነው፤ በጋ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የምሽት ሰዓት። ጨረቃ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ተራራ አቅጣጫ ስትወጣ መነከስ ትጀምራለች፤ ሙሉ ግርዶሹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ለ71 ደቂቃ ይቆያል። ያን ጊዜ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነ ተራራውን ወይም የከተማውን ሕንፃዎች ከእሷ ጋር በአንድ ክፈፍ ማስገባት ይቻላል፤ የመንገድ መብራት ካለ ግን ሕንፃው ከተጋረደችው ጨረቃ ብዙ እርከን ይበልጣልና ሁለቱን ለየብቻ አንስቶ ኋላ ማዋሐድ ግድ ይላል። በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉም ያንኑ ግርዶሽ በምሽታቸው ያዩታል። በታኅሣሥ ብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም አንድ ትርፍ ባትሪ በኪስ፣ ሰውነት አጠገብ፣ እየሞቀ ይቆይ።