የገዛነው መጽሐፍ የማን ነው?

አማዞን ኪንድልን በኖቬምበር 2007 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ተሸጦ አለቀ። እውነት ለመናገር ጥሩ ዕቃ ነበር። ያኔ ወደ 200 መጻሕፍት ይይዝ ነበር፣ ስክሪኑ እንደ ወረቀት ዓይን አያደክምም ነበር፣ መጽሐፉን ያለ ኮምፒውተር በሞባይል ኔትወርክ ያወርድ ነበር።

ችግሩ ያው ኔትወርክ በሁለቱም አቅጣጫ መሥራቱ ነበር። በጁላይ 2009 አማዞን የመሸጥ መብት የሌለው አሳታሚ ያቀረባቸውን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዘ። አንዱ (ጉድ በሉ!) «1984» ነበር፤ መንግሥት ያልፈለገውን ጽሑፍ የሚያጠፋበት ልብ ወለድ። ገንዘቡን መልሷል። የመጽሐፍ ነጋዴ ሌሊት ቤቴ ገብቶ፣ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሸጠልኝን ቢወስድ ግን ሌባ ነው የምለው።

ጄፍ ቤዞስ ይቅርታ ጠየቀ። ማስታወሻው ከንቱ የቀረበት አንድ ተማሪም ከሰሰ። ኩባንያው በስምምነቱ እንዲህ እንደማያደርግ ቃል ገባ፤ ፍርድ ቤት ካዘዘ ግን ይሰርዛል።