ጀግኒት በማን አፍ ትናገር?

ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶች አሉ። ከተራ ሰው ያለፈ ኃይል አላቸው። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የደረሰች ልጅ ሲያገኙ ወይም ሴት ልጅን የሚጎዳ ሌላ ልማድ ሲያጋጥማቸው ያንን ኃይል አውጥተው ይጋፈጣሉ። «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የአማርኛ ካርቱን ባለታሪኮች ናቸው፤ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በካርቱን ፊልምም በሥዕል መጽሐፍም አውጥቷቸዋል። እነሱ የሚመደቡበት፣ ሳይንሳዊ ልብወለድ የምንለው ዘርፍ በአማርኛ ገና ጥሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሰላም ተስፋዬንና ዳንኤል ታደሰን ይዞ የሠራው «ክረምብስ» የተባለ ፊልም አለ፤ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ስለቀሩ ሰዎች የሚያወራ፣ ከአገር ቤት ይልቅ በውጭ ፌስቲቫሎች የታየ ሥራ ነው። ከእርሱ ሌላ ብዙ የሚጠቀስ የለም። ስለዚህ ሦስቱ ልጃገረዶች የዘርፉ ታላላቅ እኅቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ ልጆች የሚዋጉለት ጉዳይ ደግሞ ከጉና ተራራ ሥር ላለ ሰው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ገደማ እስኪሞላቸው ድረስ ተድረው እንደነበር አሳይቷል። የአገሪቱ አኃዝ ወደ 17 ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገና ክልሉም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ካወጣ ወዲህ ነገሩ ቢቀንስም፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ገጠር ስለ ልጅ ጋብቻ የማያውቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። አሁን እነዚያን ቤቶች የምታናግር ጀግና በካርቱን መጣች። ከካርቱኗ ጀርባ ግን ድምፅዋን የሰጠች ሌላ ሴት አለች። እኔን የሚያሳስበኝ የዚህችኛዋ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ጀግኒት ጠፍታ አታውቅም፤ አፉን የሚያውሳት ግን ለረጅም ጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

እነዚህ ወረዳዎች ካሉበት ከደቡብ ጎንደር ራሱ እንጀምር። ደራ ወረዳ፣ ጣና ዳር፣ ቆራጣ ላይ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም አለ። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከባላባት ቤት ተወለዱ፤ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳሩ፤ የወለዷቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩን ሁሉ ሊያስከትሉ ሲነሡ ተቃወሙ። ባላቸው በአቡነ ስምዖን ግድያ እጁ እንዳለበት ባወቁ ጊዜ ቤቱን ጥለው መነኮሱ። ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲያስለውጡ የኢየሱሳውያን መምህራን ተመደቡባቸው፤ አልተሳካም። ከዚያ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ተግዘው ሦስት ዓመት ቆዩ። በግዞቱም፣ ተመልሰው በጣና ዙሪያ ሲዘዋወሩም በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1642 አረፉ። ለረጅም ጊዜ አብረዋቸው የነበሩት እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረከቡ።

ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። የጻፈውም እሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች፣ አብዛኞቹም መነኮሳይያት፣ የነገሩትን ሰብስቦ ነው። ገድሉን ያነበበ ሰው ወለተ ጴጥሮስ ሲቆጡ፣ ሲቀልዱ፣ ሲከራከሩ፣ ማዕበል ሲገሥጹ፣ ከክርስቶስ ጋር ቃል ኪዳን ሲጋቡ ያገኛቸዋል። እውነት ለመናገር ከጥበብ ገርልስ ልጆች ኃይል የእሳቸው ይበልጣል። ነገር ግን የምንሰማው ቃል ከእሳቸው አፍ ወጥቶ በመነኮሳይያቱ አፍ አልፎ በገላውዴዎስ ብዕር የተቀመጠ ነው፤ ያውም በግእዝ። በየቀኑ በአማርኛ የተናገሩትን ሴት የምናገኛቸው ማንም በቤቱ በማይናገረው ቋንቋ ነው። ገላውዴዎስን አልወቅሰውም። እርሱ ባይጽፍ ኖሮ የዚያ ዘመን ሴት ሕይወት እንዲህ ተዘርዝሮ አይደርሰንም ነበር፤ ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲያሳትመው የውጭ ሰዎች የተደነቁትም ለዚህ ነው። ብቻ የነጋሪዎቹን የመነኮሳይያቱን ስም ከጸሐፊው ስም እኩል የሚያስታውስ አንባቢ አላጋጠመኝም።

ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ደግሞ እቴጌ ጥሩወርቅ ይገኛሉ። የስሜኑና የትግሬው ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አባታቸውን እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ያሰሯቸው ዐፄ ቴዎድሮስ መልሰው ልጃቸውን አገቡ። እ.ኤ.አ. በ1861 ልዑል ዓለማየሁ ደብረ ታቦር ላይ ተወለደ። ትዳሩ የሞቀ አልነበረም። መቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሔንሪ ብላንክ ካሳተመው ትረካ ውስጥ አንድ ነገር አለ፦ ንጉሡ ወደ እልፍኝ ሲገቡ እቴጌይቱ መዝሙረ ዳዊት እየደገሙ ነበርና አልተነሡም፤ ምነው ቢባሉ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ፣ ከዳዊት ጋር እየተነጋገርሁ ነው ዓይነት መልስ ሰጡ።

ብላንክ ይህን ከሰው ሰምቶ እንጂ እልፍኙ ውስጥ ቆሞ አላየም። ቃሉ ወደ እኛ የመጣው በእስረኛ ጆሮና በእንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም ለተዋናይት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ዝግ ብለው፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ ተናግረውት ከሆነ ባላቸውን ከመጤፍ ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ከሆነ ደግሞ የአባታቸው እስር ያልወጣላቸው፣ በፍርሃትና በኩራት መሐል የተያዙ ወጣት ናቸው። ወረቀቱ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የሚወስነው ድምፅ ነው። ጥሩወርቅ በመቅደላ ውድቀት ማግስት፣ በዚያው በ1860 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ አረፉ፤ ልጃቸውን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። ስለ ቴዎድሮስ ቴአትር፣ ልብወለድ፣ ዘፈን ስንጽፍ ስንት ዘመናችን! ያቺን የእልፍኝ ሰዓት ግን በጥሩወርቅ በኩል ያዳመጥናት ጥቂት ነው።

በደጋው የሴት ድምፅ ራሱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ለድምፅ ሥራ የሚታወቁት ሴቶች ነበሩ። ለቅሶ ቤት አልቃሽ ትጠራለች። የሟቹን ጠመንጃ፣ ፈረሱን፣ የገደለውን፣ የደገሰውን በግጥም ታወርዳለች፤ ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ጀግናው በእርሷ ጉሮሮ እንደገና ይነሣል። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ለቀስተኛው የሚያስታውሰው የሟቹን ጀግንነት ነው፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ በዓመቱ ተረስቷል።

በከተማ ቴአትር ሲጀመር ይህ እንኳ ተገለበጠ። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ሴት ሆኖ መድረክ ላይ የሚወጣው ወንድ ነበር። ሴት መድረክ ወጥታ ሰው ፊት መናገሯ እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ጊዜ አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ጥቂት ሴቶች ደፍረው ወጡ። አስናቀችን ብዙው ሰው በክራሯ ያውቃታል፤ ለእኔ ግን የሴት ገጸ ባሕርይ በሴት አንደበት እንድትናገር በር ከከፈቱት አንዷ መሆኗ ከክራሩ አያንስም።

ሬዲዮ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በደርግ ዘመን በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ መንገድ ጭር ይል እንደነበር የሚያወሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ጀግኒት ሰብለ ወንጌል ናት፤ ዓባይን ተሻግራ ያለች የጎጃም ልጅ ብትሆንም ጋይንትና እስቴ እንደ ራሳቸው ልጅ አለቀሱላት። በወጋየሁ አንድ ጉሮሮ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣ፣ ወይዘሮ ጥሩአይነት፣ ሰብለም ነበሩ። ድንቅ ሥራ ነው፤ በአማርኛ ትረካ እስካሁን የሚስተካከለው አልሰማሁም። ከመውደዴም የተነሣ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ የዚያ ትውልድ ሰው ሰብለን በዓይነ ልቡናው ሲያያት የሚሰማው የማንን ድምፅ ነው? የወንድ። በጃፓን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1963 በቴሌቪዥን የተጀመረው «አስትሮ ቦይ» የተባለው ካርቱን ጀግና ወንድ ልጅ መሰል ሮቦት ነው፤ ድምፁን የሰጠችው ግን ማሪ ሺሚዙ የተባለች ሴት ናት። እዚያ የካርቱን ድምፅ ሙያ ሆኖ ትምህርት ቤት ተከፈተለት፤ የድምፅ ተዋንያኑም እንደ ዘፋኝ አድናቂ አፈሩ።

በእኛ ሬዲዮ ሴቶች በብዛት የተሰሙት ተከታታይ ድራማ ሲስፋፋ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ያሰራጨው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። ጀግናዋ ፍቅርተ ትባላለች። አድማጭ ለአዘጋጆቹ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ዘመን ባትሪው እንዳያልቅ ሬዲዮውን ለድራማ ሰዓት ብቻ የሚከፍት ገበሬ ብርቅ አልነበረም። ፍቅርተን እንደ ጎረቤት ልጅ ይመክሯት፣ ይቆጧት ነበር። የተጫወተቻትን ሴት ስም ጠይቁ ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ ከመቶ አንድ ይገኝ ይሆን? ተራኪው ወጋየሁ ስሙ ከሥራው እኩል ሲኖር፣ የድራማዋ ሴት በገጸ ባሕርይዋ ስም ተሸፍና ቀረች።

በዚህ ረገድ ብሩክታዊት ጥጋቡ ለየት ትላለች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስን መሥርታ በካልሲ የተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት ይዛ ብቅ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ናት። ፀሐይን ያናገረቻት ብሩክታዊት ራሷ ናት። ጽፋ፣ አዘጋጅታ፣ ድምፅ ሰጥታ ስሟንም አስታወቀች። እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት ሲሰጣት የቀጭኔዋ ድምፅ የማን እንደሆነ የዓለም ሰው ሁሉ አወቀ። የጥበብ ገርልስ ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥትም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ድምፃቸው የሴት ልጅ ድምፅ መሆኑ ዛሬ ማንንም አይገርምም፤ ሊገርም ይገባው ነበር፤ ከአስናቀች በፊት የነበረውን መድረክ ላስታወሰ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የምትናገር ጀግና ከየትም ትምጣ አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ የመጣች ልጅ «እሽ» እንጂ «እሺ» አትልም፤ እናቷን ስትማጸን የምታነሣው ዜማ ሌላ ነው። ያለ ዕድሜዋ የምትዳር የእስቴ ልጅ በስክሪን ላይ እንደ ቦሌ ልጅ ስትለምን አባቷ የራሱን ልጅ አይሰማባትም።

በአገሬው አንደበት ለሚነገር ሥራ ደግሞ ጋፋት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቦታ ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች በንጉሥ ትእዛዝ መድፍ ያቀለጡበት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተወለደበት ስፍራ! ሳይንሳዊ ልብወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? እቶኑ፣ የውጭ ቋንቋ የሚናገሩት አንጥረኞች፣ መድፉን ተራራ ለተራራ የጎተተው ሕዝብ፣ ሌሊት በእሳቱ ብርሃን ሒሳብ የምታሰላ አንዲት የሠፈሩ ልጅ። የመጨረሻዋን እኔ ጨመርኋት፤ ሌላው ሁሉ ታሪክ ነው። አንድ ቀን የሚሠራው ካለ ለቴዎድሮስ ድምፅ ሰው አይቸገርም፤ ለዚያ ተዋናይ ሞልቷል። ለልጅቱና ለጥሩወርቅ ግን ምርጫውን ደብረ ታቦር ላይ ያካሂድ፤ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ አሉ፣ ድራማ የሚወዱ ልጆችም አይጠፉም። የተመረጡትን ልጆች ስም ደግሞ ከገጸ ባሕርዮቹ ስም በፊት፣ በትልቁ ይጻፈው።