የነርቭ ማደንዘዣ ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ
ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰማን ብርቱ ሕመም ለማስታገስ፣ የጀርባ ነርቮችን ለጊዜው የሚያደነዝዝ ዘዴ። ከዋነኞቹ አንዱ እነ ማውሪሲዮ ፎሬሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የኢሬክተር ስፓይኔ ብሎክ ነው። ባለሙያው በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ ቡፒቫኬይንን የመሰለ መድኃኒት ጀርባን ቀጥ አድርገው በሚይዙት ጡንቻዎችና ከሥራቸው ባለው አጥንት መካከል፣ በግራና በቀኝ ይሰጣል። መድኃኒቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይሰራጫል፤ የሞርፊን ፍላጎትንም ሊቀንስ ይችላል። የአንድ ጊዜ መርፌ የሚያገለግለው ለሰዓታት ስለሆነ ከፓራሲታሞልና ከመሰል ማስታገሻዎች ጋር ይጣመራል። ከመጠን ያለፈ መድኃኒት አንጎልንና ልብን ይጎዳል፤ ስለዚህ መጠኑ በታካሚው ክብደት ይሰላል። በሆሳዕና እንዳለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ላሉ የማስተማሪያ ተቋማት፣ ዘዴው የሠለጠነ የሰመመን ባለሙያ፣ አልትራሳውንድና የቅርብ ክትትል ይጠይቃል።